ፀሐይን በየጠዋቱ በስልኬ ነው የማያት

ቡናው እስኪፈላ ፀሐይን አያታለሁ። ደጅ ወጥቼ አይደለም፣ በስልኬ ነው። ናሳ ኤስዲኦ የሚባል ሳተላይት አለው። የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን ሥራው ቀን ከሌት ፀሐይን ማየት ብቻ ነው። ያነሳውን ምስል ድረ ገጹ ላይ ማንም ገብቶ ያየዋል። ምዝገባ የለ፣ ክፍያ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ከእሱ ሌላ ሄሊዮቪወር የሚባል ገጽ አለ፣ እሱም በነፃ ነው። ሁለቱንም በደንብ ስለተጠቀምኩባቸው የወደድኩትንም ያናደደኝንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እንዴት እንደገባሁበት። ሥራዬ ቅየሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ መስክ ላይ እያለን መሸብን። ሦስት ነጥብ ብቻ ነው የቀረን፣ ጨርሰን እንግባ ብለን ቀጠልን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጂፒኤሱ ፊክስ አልይዝ አለ፣ ያለንበትን ነጥብ በትክክል አልቆርጥ አለ ማለት ነው። ባትሪ ቀየርን። አጥፍተን አበራን። ቦታ ቀየርን። ወይ ፍንክች! በማግስቱ ጠዋት እዚያው ነጥብ ላይ ስንተክለው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሠራ። ነገሩን ለአንድ አንጋፋ ቀያሽ ስነግራቸው፣ “ልጄ፣ መሣሪያውን አትውቀስ፣ ፀሐይዋ ዘንድሮ ተነስቶባታል” አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላይ ያለውን ስስ አየር የፀሐይ ጨረር እየመታ በኤሌክትሪክ የተሞላ ንጣፍ ያደርገዋል፣ አዮኖስፌር ይሉታል። የጂፒኤስ ምልክት ወደ መሬት ሲመጣ በዚህ ውስጥ ነው የሚያልፈው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ደግሞ በእኛው አገር ሰማይ ላይ ነው ያለው፤ በዚህ መስመር ዙሪያ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ንጣፉ እንደ ቦካ ሊጥ አረፋ ያወጣል፣ ምልክቱም ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ በበረታችበት ዓመት ይብሳል። እሷ በ11 ዓመት ገደማ ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ናሳ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ፀሐይዋ ከፍተኛው ወቅቷ ላይ መድረሷን አስታውቋል። የዚያን ምሽቱ ጠባይም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። የኤስዲኦን ገጽ ስትከፍቱ ብዙ ፀሐዮች ተደርድረው ታገኛላችሁ፤ ወርቃማ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ቀለሞቹ የፀሐይዋ አይደሉም። ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር እንድንለይበት የተቀቡ ናቸው። እያንዳንዱ ቀለም የተለያየ ሙቀት ያለውን ጋዝ ያሳያል፤ 304 የሚል ቁጥር (የጨረሩ የሞገድ ርዝመት ነው) ያለባት ቀይዋ 50 ሺህ ዲግሪ ገደማ፣ 171 የሚል ያለባት ወርቃማዋ 600 ሺህ ገደማ።

ለጀማሪ ሁለቱ ይበቁታል። አንደኛዋ ኤችኤምአይ ኢንቴንሲቲግራም የምትባለው ናት፣ ጥቁር ነጥቦቹን ጥርት አድርጋ የምታሳይ። ነጥቦቹ ጥቁር የሚመስሉት ከዙሪያቸው ስለሚቀዘቅዙ ነው። አንዱን ነጥብ ያዙና በየቀኑ ተከተሉት። ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በቀኙ ጠርዝ ዞሮ ይጠፋል። ፀሐይ በራሷ ዛቢያ እንደምትዞር ትምህርት ቤት ሸምድጄ ነበር፤ የገባኝ ግን ያንን ነጥብ ስከተል ነው። ሁለተኛዋ ወርቃማዋ 171 ናት። እሷን ሳታጎሉ አትለፏት። ጠርዟ ላይ እንደ ዘንቢል እጀታ የጎበጡ ቀጫጭን ክሮች አሉ፣ በማግኔት መስመር ላይ የተንጠለጠለ ጋዝ ነው። አንዱ ክር ሥር መሬትን የምታህል ኳስ ያለ ችግር ታልፋለች።

እነዚህ ምስሎች ለማስዋቢያ የወጡ አይደሉም፤ ተመራማሪዎች የሚሠሩባቸው ናቸው። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፣ ከላዩ ያለው ኮሮና የሚባለው ስስ ጋዝ ግን ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። ከምድጃው በራቃችሁ ቁጥር የሚያቃጥል እሳት አስቡ! ይህ እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ አላገኘም። ለዚህም ነው ፓርከር የተባለው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ተጠግቶ ያለፈው።

ሄሊዮቪወርን የምወደው ወደ ኋላ ስለሚወስደኝ ነው። ቀንና ሰዓት ትመርጣላችሁ፣ የሳተላይቱን ምስል ትመርጣላችሁ፣ የፈለጋችሁትን ቦታ ታጎላላችሁ፣ ቪዲዮም ይሠራላችኋል። መሞከር የምትፈልጉ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ላይ ሂዱ፣ በፈረንጅ ሜይ 9 ቀን 2024 ማለት ነው። 3664 የተባለውን የነጥቦች ጭፍራ ታያላችሁ። ከዳር እስከ ዳር የመሬትን ወርድ 15 ጊዜ ያህላል። ገጹ ለማነጻጸሪያ የመሬትን ምስል ከጎን ስለሚያስቀምጥ ይህን በዓይናችሁ ትለኩታላችሁ። እሱ የተፋው ጋዝ ነው በማግስቱ መሬት ላይ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ያልታየ ትልቅ የማግኔት ማዕበል ያስነሳው። አሜሪካ ውስጥ በዘር ወቅት በጂፒኤስ የሚነዱ ትራክተሮች መስመር መያዝ አቅቷቸው ገበሬዎች ሥራ አቁመዋል። ይህን ሳነብ ያ የመስከረም ምሽት ነው የመጣብኝ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱም ለባለሙያ የተጻፈ። 131፣ 193፣ 211 ብሎ ይደረድርና ዝም። ሰዓቱ በግሪንዊች ነው። ለዚህ ቀላል ዘዴ አለኝ፦ ከተጻፈው ላይ 3 ቀንሱ፣ የእኛ ሰዓት ይመጣል። 09:00 ካለ 6 ሰዓት ቀን ነው፣ 18:00 ካለ 15 ይሆናል፣ 12 ስትቀንሱ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ዳታም ይበላል። በስልክ ከሆነ 1024 የሚለውን መጠን ምረጡ፣ 4096ን ዋይፋይ ስታገኙ። ሄሊዮቪወር ስልክ ላይ ይንቀራፈፋል፣ እሱን በኮምፒውተር ነው የምመክረው። ሌላው ደግሞ ኤስዲኦ የሚያየው ወደ እኛ የዞረውን ፊቷን ብቻ ነው። የፀሐይን ደቡብ ዋልታ ለማየት ሶላር ኦርቢተር የተባለው የአውሮፓ መንኮራኩር ዝቅ ብሎ መሄድ ነበረበት፤ ምስሉም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

ልጆች ካሏችሁ አሳዩአቸው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 14 ላሊበላ ላይ ቀለበት የሠራው ግርዶሽ ጊዜ መነጽር ያላገኘ ሕፃን ሁሉ ቀና እንዳይል ስንከለክል ነበር። እዚህ ግን የፈለጉትን ያህል አፍጥጠው ቢያዩ ዓይናቸው አይነካም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔን አስደንግጦኛልና። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ገጹን ስከፍት ፀሐይዋ ግማሿ የለም። ጥቁር ሆኗል። ሳተላይቱ ሞተ ብዬ ልቤ ስንጥቅ አለ፣ በረንዳ ወጣሁ። ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይዋ ግድግዳውን አሙቃዋለች። ለካ ኤስዲኦ መሬትን ነው የሚዞረው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ መሬት ትጋርደዋለች፣ ሲበዛ ለ72 ደቂቃ። ያ ጥቁር ነገር እኛ የቆምንባት መሬት ናት። ጠርዙን አጉልታችሁ ብታዩት እንደ ቢላ የተቆረጠ አይደለም፣ ደብዘዝ ይላል፤ አየራችን ብርሃኑን ቀስ በቀስ ስለሚውጠው ነው። ምስሉን እስካሁን አልደመሰስኩትም።