ለቤታ ዓሣ በደሴ የተሠራ አኳሪየም፦ የመስታወት ቤቱ ሥራ ሲመዘን

ደሴ ውስጥ ቤታ የሚባለውን ረዣዥም ክንፎች ያሉት ትንሽ የጌጥ ዓሣ የያዘ ሰው ዓሣውን ወደ ሰፊ ማቆያ ለማዛወር ሲያስብ በአብዛኛው ሁለት አማራጭ ይቀርብለታል። አንደኛው ተሠርቶ ያለቀ አኳሪየም ከአዲስ አበባ አስጭኖ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከነስጋቱ አሳልፎ ማምጣት ነው። ሁለተኛው በከተማችን በርና መስኮት ከሚሠሩት የመስታወትና የአሉሚኒየም ቤቶች በአንዱ በልክ ማሠራት ነው። እኔ ሁለተኛውን መርጬ፣ አራት ሊትር በሚይዝ የመስታወት ዕቃ ውስጥ የቆየውን ዓሣዬን ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ መስታወት ቤት ወዳሠራሁት አኳሪየም አዛውሬዋለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ቤቱ ሥራ፣ ስለ አኳሪየሙና አኳሪየሙ በደሴ ብርድ ምን ያህል እንደሚያገለግል ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ መስታወቱና ማጣበቂያው የሚመሰገኑ ናቸው፤ ክዳኑ ግን በመጀመሪያ ሲሠራ ለመስኮት እንጂ ለዓሣ የታሰበ አልነበረም።

ያዘዝኩት ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በ6 ሚሊ ሜትር መስታወት የተሠራ ሳጥን ነው። በውጭ ልኩ ሲሰላ 54 ሊትር ይሆናል፤ የመስታወቱ ውፍረት ተቀንሶና ውሃው ከአፉ ዝቅ ብሎ ሲሞላ ግን በተግባር የሚይዘው 44 ሊትር ገደማ ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ ለመስኮት የሚያውሉትን 4 ሚሊ ሜትር መስታወት አቅርበውልኝ ነበር፤ የውሃ ግፊት የሚለካው በሊትር ብዛት ሳይሆን በቁመት መሆኑን ተነጋግረን፣ ለ30 ሴንቲ ሜትር ቁመት 6 ሚሊ ሜትሩ አስተማማኝ እንደሚሆን ተስማማን። በዚህ ረገድ የቤቱን ቅንነት ላደንቅ እወዳለሁ፤ ርካሹን ሸጦ መገላገል ሲቻል የደንበኛን ሐሳብ አድምጦ መቀበል በየቤቱ የሚገኝ ጠባይ አይደለም። ጠርዞቹ ሁሉ ተሞርደው ለስልሰዋል፤ እጅ ሲገባ የሚቧጭር ስለታም ቦታ የለም፤ አራቱም ማዕዘኖች በማዕዘን መለኪያ ሲፈተሹ ቀጥ ያሉ ናቸው።

የሂሳቡ ነገር ለሚያሠራ ሰው ሊጠቅም ስለሚችል ባጭሩ ላስረዳ። መስታወት ቤቶች የሚያስከፍሉት በካሬ ሜትር ነው። በዚህ ልክ የሚሠራ አኳሪየም ወለሉና አራቱ ጎኖቹ ሲደመሩ 0.72 ካሬ ሜትር መስታወት ይወስዳል፤ ክዳኑ ሲጨመር 0.9 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከቁራጭ ብክነት ጋር የአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ ቢጠየቅ አግባብ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ግን ስሌቱን ቆሞ ማስቆጠር ይገባል። ሲሊኮኑና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይታሰባሉ። የብር መጠኑን የማልጽፈው የመስታወት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ነው፤ እኔ በከፈልኩበት ጊዜ ግን ድምሩ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ከምከፍለው፣ የጭነቱን ሂሳብ ሳልጨምር እንኳ፣ ያነሰ ነበር።

ስለ ሲሊኮኑ ጠንከር ብዬ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። በግንባታ ዕቃ መደብሮች የሚሸጠው የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ብዙውን ጊዜ ሻጋታን የሚገድል መድኃኒት የተጨመረበት ነው፤ ይህ መድኃኒት ቀስ በቀስ ወደ ውሃው እየገባ ዓሣን ይጎዳል። ለአኳሪየም የሚሆነው መድኃኒት ያልገባበት፣ ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ንጹሕ ሲሊኮን ነው። ሽታው ብቻውን ግን ማረጋገጫ ስለማይሆን ቱቦውን ተቀብሎ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። ባለሙያው ቱቦውን ከመክፈታቸው በፊት ያለ ማጉረምረም አሳይተውኛል። አቀባባቸውም ጥሩ ነው፤ በማዕዘኖቹ ላይ የተሳበው መስመር ወጥ ነው፣ የአየር አረፋም አይታይበትም። ካጣበቁ በኋላ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ውሃ እንዳይሞላበት ራሳቸው አስጠንቅቀውኛል፤ ከዚያም በሱቃቸው ወለል ላይ ውሃ ሞልተው፣ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፈው አሳድረውታል። ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ ነው ያደረው። የፍሳሽ ፍተሻን ደንበኛ ሳይጠይቅ የሚያደርግ ቤት ለምስጋና ይበቃል።

ወደ ክዳኑ ልምጣ። የተሠራልኝ ክዳን ሙሉ መስታወት ሆኖ አፉን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ፣ ለሽቦም ሆነ ለአየር ቱቦ መግቢያ የሌለው ነበር። ባለሙያው በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ስለሆኑ ቅሬታዬን በአክብሮት ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ለዓሣ ክዳን ምን ያደርግለታል? አይሸሽ!» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይሄኛው ይዘላል» ብዬ መለስኩላቸው። እውነት ነው፤ ቤታ ዘላይ ዓሣ በመሆኑ ክዳን የሌለው አኳሪየም ውስጥ ያደረ ቤታ ጠዋት ወለል ላይ ደርቆ ሊገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ክዳኑ የሚያስፈልገው ለመዝለሉ ብቻ አይደለም። ቤታ በስንጥቡ (ዓሣ በውሃ ውስጥ በሚተነፍስበት አካል) ብቻ የሚተነፍስ ዓሣ አይደለም፤ ከስንጥቡ በላይ ያለው ላቢሪንት የሚባል አካል ከውሃው ገጽ ላይ አየር በአፉ እየጎረሰ ኦክስጅን እንዲያገኝ ያስችለዋል። ስለዚህ በውሃውና በክዳኑ መካከል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የአየር ክፍተት መኖር አለበት፤ ያ አየር ደግሞ ሞቃትና እርጥበት ያለው መሆን ይገባዋል። የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አየር በቀጥታ የሚነካው ቤታ፣ ውሃው ሞቃት ቢሆን እንኳ፣ የሚጎርሰው ብርድ ነው።

ክዳኑ በኋላ ለሁለት ተቆርጦ፣ በአንደኛው ጥግ ላይ ለሽቦና ለቱቦ የሚሆን ማዕዘን ተነሥቶለት፣ ትንሽ እጀታም ተጣብቆለት ተመልሶልኛል። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁም። ሆኖም ከመጀመሪያው በወረቀት ላይ ሥሎ መስጠት ይህን ሁሉ መመላለስ ያስቀራል፤ የበርና የመስኮት ባለሙያ የዓሣን ጠባይ ያውቃል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ለመሆኑ ሰፊ አኳሪየም ለአንድ ትንሽ ዓሣ ለምን አስፈለገ? ቤታ በኩባያ ውኃም ይኖራል የሚለው ወሬ መነሻው ዓሣው በታይላንድ የሩዝ ማሳዎችና ጥልቀት በሌላቸው ረግረጎች መገኘቱ ነው። እነዚያ ውኃዎች ግን ጥልቀት አጡ እንጂ ስፋት አላጡም፤ ሙቀታቸውም ከእኛ አገር ደጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዓሣው የሚስማማው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው ደሴ፣ በጦሳ ግርጌ ባለ ቤት ውስጥ ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች መውረድ የተለመደ ነው። በእኔ እምነት በደሴ የትልቅ አኳሪየም ዋናው ጥቅም ለመዋኛ የሚሆነው ስፋት ሳይሆን ሙቀትን ይዞ የመቆየት ችሎታው ነው። አራት ሊትር ውኃ መብራት በጠፋ ጊዜ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ 44 ሊትር ውኃ ግን በዚያው ክፍል፣ በዚያው ብርድ፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ቴርሞሜትሩን እያየሁ እንደተከታተልኩት፣ መብራት ሲቋረጥ አኳሪየሙ በሰዓት አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ሦስቱን ጎኖች በጋቢ ሲሸፍኑት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ለዓሣ ጎጂ የሚሆነው ደግሞ ድንገተኛው መለዋወጥ ነው።

ከዚህ ጋር የማሞቂያው አቅም መታሰብ አለበት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,186 ጁል ያህል ኃይል ስለሚፈልግ፣ 100 ዋት ማሞቂያ 44 ሊትሩን አንድ ዲግሪ ለመጨመር፣ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ክፍሉ 14 ዲግሪ ሲሆን ውኃውን 26 ላይ ማቆየት ማለት የ12 ዲግሪ ልዩነትን ሌሊቱን ሙሉ መሸከም ነው፤ በዚህ ልክ ለተሠራ አኳሪየም 50 ዋት ማሞቂያ ለደሴ አይበቃም፤ 100 ዋቱ ይበቃል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ለሚገኙት የኮምቦልቻ አንባቢዎች ግን 50 ዋቱ ለአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የሚያንስ አይመስለኝም። በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች ለአንድ ዓሣ ይህን ያህል የተለያዩ መሆናቸው ያስገርማል። ማሞቂያው ውኃ በሚቀየርበት ጊዜ ከሶኬት መነቀል አለበት፤ የማሞቂያው መስታወት ከውኃ ወጥቶ ሳለ ቢሞቅና ቀዝቃዛ ውኃ ቢነካው ይሰነጠቃል።

ለማጣሪያ የመረጥኩት በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው። ቤታ ረዣዥም ክንፎች ስላሉት ኃይለኛ ሞገድ ያደክመዋል፤ ስፖንጁ ግን ውኃውን በዝግታ ያንቀሳቅሳል። ከፍታችን ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል፤ ቤታ አየር ጎርሶ ጉድለቱን ሊያካክስ ይችላል፤ ማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ግን የፓምፑን አረፋ ይፈልጋሉ። መብራት የሚቋረጥበት አካባቢ የሚኖር ሰው ሊረሳው የማይገባ አንድ ነገር አለ፦ ፓምፑ ከውኃው ገጽ በላይ ካልተቀመጠ ወይም ቱቦው ላይ ውኃ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ካልተገጠመ፣ ፓምፑ በቆመ ጊዜ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑንም ወለሉንም ያጥለቀልቃል። እኔ ፓምፑን ከአኳሪየሙ በላይ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አኳሪየሙ በተሠራ ማግስት ዓሣ አይገባበትም። የዓሣው ኩስና የምግብ ትራፊ አሞኒያ ይፈጥራል፤ አሞኒያ ስንጥብን ያቃጥላል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚቀንሰው ናይትሬት ይለውጡታል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ይረዝማል። ስለዚህ ማሞቂያውን ውኃ ተሞልቶ ዓሣ ገና ባልገባበት አኳሪየም ውስጥ ማብራት የመብራት ብክነት አይደለም። በዚህ ጊዜ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል እየተደረገ ይቆያል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በክፍት ባልዲ ሙሉ ቀን ማሳደር ወይም ክሎሪን የሚያጠፋ ጠብታ መጠቀም ያስፈልጋል። ጠጠር ከቦርከና ወንዝ ማምጣትን አልመክርም፤ ወንዙ የከተሞቻችንን ፍሳሽ የሚቀበል ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ጠጠርም ቢሆን ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ከሰጠ ኖራ አለበትና ውኃውን ያጠነክራል። ከሐይቅ የተነቀለ ተክልም ቀንድ አውጣና ጥገኛ ትል ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ይቅር። ለመደበቂያ ያልተቀባ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ይበቃል፤ አፉ ግን ክንፉን እንዳይተለትል በብርጭቆ ወረቀት ይሞረድ።

የዝውውሩ ሥራ ራሱ ቀላል ነው። ዓሣው ከነበረበት ውኃ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ተደርጎ አዲሱ ውኃ ላይ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ የአኳሪየሙ ውኃ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረለት ይለምዳል፤ በመጨረሻ ዓሣው ብቻ በመረብ ይገባል፤ የከረጢቱ ውኃ ይደፋል። ሌላ ወንድ ቤታ አብሮ አይገባም፤ ቦታው ቢሰፋም ጠቡ አይቀርም። የእኔው ዓሣ መጀመሪያ ከሸክላው ጀርባ ተሸሽጎ ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የአኳሪየሙን ርዝመት ከዳር እስከ ዳር ይመላለስበታል፤ የተጣጠፈው ክንፉም ተዘርግቷል።

በአኳሪየሙ ላይ የቀሩኝ ቅሬታዎች ሁለት ናቸው። ቤቱ ከመስታወቱ ሥር የሚነጠፍ ስፖንጅ ወይም ፎም አይሰጥም፤ ውኃው፣ ጠጠሩና መስታወቱ ተደምረው 60 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝኑ፣ ጠረጴዛው ትንሽ ቢያጎብጥ ወይም አንዲት ጠጠር ከሥር ብትገባ ወለሉ ሊሰነጠቅ ይችላልና ፎሙን ራስዎ ገዝተው ያንጥፉ። ሁለተኛው ዋስትናውን የሚመለከት ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያፈስ በነፃ እንደሚጠግኑ በቃል ነግረውኛል፤ ደረሰኙ ላይ ግን የተጻፈው «መስታወት» ብቻ ነው። ሌላ አኳሪየም ባሠራ ወደዚሁ ቤት ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ግን የክዳኑን ሥዕል፣ የሲሊኮኑን ዓይነትና ይህንኑ የዋስትና ቃል ደረሰኙ ላይ አስጽፋለሁ።