ለቡችላ የደረት ማሰሪያ፦ ከክረምት እስከ ታኅሣሥ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር። ለቡችላችሁ ማሰሪያ ልትገዙ ከሆነ በአንገት ሳይሆን በደረት የሚታሰረውን ግዙ፤ በተለይ ደረቱ ላይ ቀለበት ያለውን። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ለቡችላዬ ለቦቢ ተጠቅሜበታለሁ። ዛሬ ቢጠፋብኝ ያንኑ ዓይነት እገዛለሁ።

ቡችላ ባጃጅ ሲያይ፣ ድመት ሲያይ፣ ፌስታል ሲበር ሲያይ ይወረወራል። አንገቱ ላይ ከታሰረ ያ ሁሉ ጉልበት ጉሮሮው ላይ ያርፍና ያስለዋል። የደረት ማሰሪያ ግን ኃይሉን ያከፋፍለዋል። ገመዱ የደረቱ ቀለበት ላይ ሲያያዝ ደግሞ በጎተተ ቁጥር ሰውነቱ ወደ እናንተ ይዞራል። ስትመርጡ ትከሻውን አግድም የሚያቋርጠውን ተዉት፤ እርምጃውን ይይዘዋል። ደረቱ መሀል የሚወርደው ይሻላል።

የእኔን እህቴ ናት ከዱባይ ያመጣችልኝ። ከፊት እግሮቹ ኋላ ያለውን የደረቱን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቼ ላኩላት፤ የሚሰፋ ይሁን ብዬም አደራ አልኳት። ከታጠቀ በኋላ በማሰሪያውና በገላው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከላላ ወደ ኋላ እየሸሸ ሾልኮ ይወጣል። ከጠበቀ ብብቱን ይልጠዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው ፀጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩለት።

ክረምቱ በደንብ ፈትኖታል። ጨርቁ ውሃ ይጠጣል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈልጋል። ሲረጥብ ማጥበቂያዋ ትንሸራተታለች። ከሁሉ የከፋው ግን ጭቃ ነው፦ የፕላስቲክ መቆለፊያው ውስጥ ይገባና ሳይቆለፍ የተቆለፈ ይመስላል። አሁን "ቀጭ" የምትለዋን ድምፅ ሳልሰማና ሳብ አድርጌ ሳልፈትን ከበር አልወጣም። የደረቱ ቀለበት ስፌትም መላላት ሲጀምር የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ሰም በተቀባ ክር ደግሞ ሰፋልኝ። ከፋብሪካው ስፌት ይበልጣል፣ እጁ ይባረክ።

ለገመድ ሁለት ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ናይለን ይበቃል። እየተሳበ የሚረዝመውንና ተመልሶ የሚጠቀለለውን አልመክርም። ገመዱ ሁልጊዜ ስለሚወጠር መጎተትን ያስለምዳል፤ ቀጭኑ ክርም እጅ ይቆርጣል።

ስልጠናውን ግቢ ውስጥ ጀምሩ። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት ድረስ ይደጋገማል፤ ቡችላን በትውከትና በተቅማጥ ሊገድል የሚችለው የፓርቮ ቫይረስ ደግሞ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። ችግሩ፣ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ጊዜም ይኸው ነው። እኔ አቅፌው በር ላይ እቆም ነበር። ጡሩምባውንም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆችም እቅፌ ውስጥ ሆኖ ለመዳቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይወስድ ግን ጨርሶ መንገድ ላይ እንዳታወርዱት፤ በየሰፈሩ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሞልተዋል።

ማሰሪያውን መጀመሪያ ምግብ ሲበላ ብቻ አልብሱት። ከዚያ ገመዱን አስሮ እያያችሁት ግቢ ውስጥ ይጎትት። መንገድ ስትወጡ፣ ሲጎትት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። አትሳቡት፣ አትጩኹበት። ዘወር ብሎ ገመዱ ሲላላ "ጎበዝ!" በሉና ጭናችሁ አጠገብ የተቀቀለ ጉበት ቁራጭ ስጡት። መጀመሪያ አካባቢ እኛ ጥጉ ላይ ያለውን ሱቅ እንኳ አናልፍም ነበር። አሁን ኮብልስቶኑን እስከ አስፋልቱ ድረስ ገመዱ ሳይወጠር ይሄዳል።

ቦቢ እያደገ ነው፤ የማሰሪያው ማስፊያም ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ቀጣዩን ስገዛ ብረት መቆለፊያ ያለውን ነው የምፈልገው።