የዘጌ የጀልባ ጉዞ፦ ለጫካው ጊዜ ስጡት

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የምትሄዱት ለተፈጥሮው ከሆነ አስጎብኚውን ቀድማችሁ አናግሩት። የእኛው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አሳይቶ አጣድፎ መለሰን። ገዳሙ ግሩም ነው፣ ግን ጫካው ራሱ ጉድ ነው! ዘጌ ጣና ውስጥ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በገዳማቱ ትውፊት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ስለሆነ ደኑ እስከ ዛሬ ቆይቷል፣ ቡናውም የሚያድገው በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቀያይ የቡና ፍሬ ትከሻችሁን ይነካል፣ ጦጣዎች ከራሳችሁ በላይ ይዘላሉ። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው በከንቱ አይደለም። ጀልባው ንጹሕ ነው፣ ዋጋውም አያስቆጭም። ብቻ የእግር ጉዞ ጨምሩበት፣ በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከተነሳ ሐይቁ ያናውጣል።