የኮምፒውተር ጥበቃ፦ በሕግ ይገደድ ወይስ ለባለቤቱ ይተው?

ሐዋሳ ፒያሳ በሚገኝ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ጽሑፍ ለማሳተም የሰጠሁት ፍላሽ ሲመለስልኝ ፎልደሮቼ በሙሉ በቫይረስ ምክንያት ሾርትከት ሆነው አገኘኋቸው። መንግሥት በግል ኮምፒውተር ላይ ጸረ ቫይረስ እንዲጫን ያስገድድ የሚለውን ጥያቄ በቁም ነገር የማየው የአንዱ ቸልተኝነት ሌላውን ስለሚጎዳ ነው።

ወጪ
በግዴታ፦ የሶፍትዌሩን ክፍያ ተማሪውም ነጋዴውም ይሸከማል።
በፈቃድ፦ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ጸረ ቫይረስ አብሮ ስለሚመጣ ተጨማሪ ክፍያ የለም።

አፈጻጸም
በግዴታ፦ የየቤቱን ላፕቶፕ መፈተሽ ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ የግል ሕይወትን ይነካል።
በፈቃድ፦ ቁጥጥር የለም፤ ቸልተኛውም እንዳለ ይቀጥላል።

አደጋ
በግዴታ፦ ሁሉም አንድ ሶፍትዌር ከጫነ የዚያ ሶፍትዌር ክፍተት የሁሉም ክፍተት ይሆናል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2009 ግሪን ዳም የተባለው የኢንተርኔት ይዘት ማጣሪያ ፕሮግራም ከአዳዲስ ኮምፒውተሮች ጋር እንዲቀርብ ስታዝ፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕሮግራሙ የተጫነበት ኮምፒውተር ከርቀት በሌሎች ቁጥጥር ሥር ሊውል እንደሚችል አሳዩ፤ ግዴታውም ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ተራዘመ።
በፈቃድ፦ በዊንዶውስ ክፍተት ገብቶ ፋይል በመቆለፍ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ሲዛመት ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ ብዙዎች ግን አልጫኑትም።

ብዙ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት የኅትመት ቤትና የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ግዴታው ተገቢ ይመስለኛል፤ ባለቤቱ ብቻ ለሚጠቀምበት የቤት ኮምፒውተር ግን ማሻሻያውን በወቅቱ እንዲጭን ማስተማር ይሻላል።