ያቺን ገመድ ለቆረጠልን ልጅ

የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ሰዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት፣ እኔ አምፖል ሥር ተቀምጬ የጫጩቶቼን ድምፅ እየሰማሁ ነውና ዛሬስ ሳልጽፍ አልተኛም። ጠባሴ አካባቢ የሚኖር አንድ ኤሌክትሪሺያን አለ። ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል፤ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ዘመዴ አይደለም፣ ጻፊልኝም አላለኝም። መብራት ሲጠፋ ከኤሌክትሪክ መኪናችን ለቤታችን መብራት እንድናገኝ የሠራልንን ሥራ ግን አንቄ ልይዘው አልቻልኩም።

የምተዳደረው በጫጩት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ተረክቤ ሁለት ወር ገደማ አሳድጌ እሸጣለሁ። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። የእኛን አገር ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ በኅዳር ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚነጋው። እናት የሌለው ጫጩት ሲበርደው አንዱ አንዱ ላይ ይወጣል፣ ይከመራል፤ ከሥር ያለው ታፍኖ ይሞታል።

አምና ኅዳር በአንድ ሌሊት 180 ጫጩት ሞተብኝ። መብራት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሄዶ የመጣው በነጋታው ረፋድ ላይ ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር፤ ከዚያ ያመጣቸውን ሁለት ብርድ ልብሶች እስከዚያ ቀን ለማንም አውሼ አላውቅም። አውጥቼ በጫጩቶቹ ዙሪያ ጋረድኳቸው። አልበቃ ሲል ከሰል አቀጣጥዬ አስገባሁ። ልጄ ልታግዘኝ አጠገቤ ተቀምጣ እያለ ራሷን አዞራት፣ ክንዴ ላይ ተዝለፈለፈች። ጫጩቱንም ከሰሉንም ትቼ እሷን አቅፌ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ያተረፈቻት እመቤቴ ናት። ስለ እግዚአብሔር፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታስገቡ። ሲነጋ የሞቱትን በማዳበሪያ ጆንያ ሰብስቤ ጓሮ ስቀብር ልጄ በመስኮት ታየኝ ነበር፤ ያን ቀን ይህን ሥራ ልተወው ወስኜ ነበር።

ጀነሬተርም ሞክረናል። ማደያው በጀሪካን አንቀዳም ይላል። ነዳጅ የተገኘ ዕለት ደግሞ ድምፁ ጎረቤት ያውካል። ሸጥነው።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ሲከለከል ባለቤቴ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ይጠይቅ ጀመር። ባለፈው ሚያዝያ ዕቁብ ደረሰው፣ አሮጌዋን መኪና ሸጥን፣ ከዘመድም ተበደርንና የቻይና ኤሌክትሪክ ፒካፕ ገዛን። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ያመጣባታል። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደውሎ፣ «እህቴ፣ መኪናችሁ እኮ የቤት መብራት ትሆናለች» አለኝ። እሱ ፎርድ ላይትኒንግ የምትባል ኤሌክትሪክ ፒካፕ አለችው፤ መብራት ሲጠፋ እስከ 9.6 ኪሎዋት ለቤቱ ትሰጣለች። ቤተሰቡ መብራት መጥፋቱን የሚያውቀው የጎረቤት ቤት ሲጨልም ነው አለኝ። የእኛዋም የጭነት ሳጥኗ ውስጥ ሶኬት አላት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። 180ው ጫጩት ትዝ ብሎኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ፈተና ግን አትጠይቁኝ። ስም አልጠራም፣ ቦታም አልናገርም፤ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱ ቤቱን ሳያይ በስልክ ፎቶ ላኩልኝ አለና 85,000 ብር ጠራ። ለምኑ ነው ስንለው «ለዕውቀቴ» አለን። ሌላው ባለቤቴን ብቻ እያየ ያወራ ነበር፤ እኔ ስጠይቀው «ሴትዮዋ ይህ አይገባሽም» አለኝ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጫጩቶቼ ጉዳይ። ሦስተኛው ቀብድ 4,000 ብር ተቀብሎ ስልኩን አጠፋ፤ እስከ ዛሬም አልከፈተም።

አራተኛው «ይህ ምን ሥራ አለው» ብሎ በአንድ ሰዓት ጨርሶልን ሄደ። በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ነው የሠራልን። አንዱን ጫፍ መኪናው ላይ፣ ሌላውን ቤት ግድግዳ ላይ ሰክታችሁ፣ ዋናውን ማጥፊያ ከቆጣሪው በኩል ዝጉ፣ አለን። በእርግጥ በራ። ደስ ብሎን ተጨማሪ ከፈልነው። በሦስተኛው ጊዜ ባለቤቴ ከመንገድ ደክሞ ገብቶ ማጥፊያውን ሳይዘጋ ሰካው። መብራት ሲመለስ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፤ ቴሌቪዥኑ ጨሰ፣ መኪናዋም ቀይ ምልክት አውጥታ እምቢ አለች። ስንደውልለት «ጥፋቱ የእናንተ ነው» ብሎ ዘጋው። መኪናዋን ለማስፈተሽ ባለቤቴ አዲስ አበባ ወርዶ ሁለት ቀን አደረ። ደግነቱ ከራሷ መከላከያ ያለፈ ጉዳት አልደረሰባትም።

ወደ ልጁ ልምጣ። ጥቅምት ላይ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ጎረቤቴ የነገረችኝ። ወጣት ነው፤ ሠላሳ የሞላው አይመስለኝም። ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ቆጣሪውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ከዚያ ያቺን ገመድ ከግድግዳው ሥር አነሳት። ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ይህችን ማን ሠራት?»

ነገርኩት። ቴሌቪዥኑንም ነገርኩት። አልሰማኝም መሰለኝ፣ ገመዷን እያገላበጠ ዝም አለ። ከዚያ ከቦርሳው ፒንሳ አወጣና መሀል ለመሀል ቆረጣት። ደነገጥኩ፤ ብር የወጣባት ናት። እሱ ግን ቁጭ ብሎ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፣ ቃል በቃል ባይሆንም አልረሳሁትም፦ «አንዱን ጫፍ መኪናው ላይ ሲሰኩት የሌላው ጫፍ እግር ባዶውን እሳት ነው። ልጅ ብትነካው ያልቃል። ማጥፊያውን ረስተው ከሰኩት ደግሞ መብራቱ ከቤትዎ ወደ መንገዱ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ከዚያ ወደዚህ ሲመጣ 15,000 ቮልቱን ወደ 220 እንደሚያወርደው ሁሉ፣ ከዚህ ወደዚያ ሲሄድ ያንኑ 220 መልሶ 15,000 ያደርገዋል። ምሰሶው ላይ ደግሞ መብራት ጠፍቷል ብሎ በእጁ ሽቦ የያዘ ሰው አለ። አብሮ አደጌ እዚያ ነው የሚሠራው፣ እትዬ። ሁለት ልጆች አሉት።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ የማስበው ስለ ጫጩት፣ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ መኪናዋ ዕዳ ብቻ ነበር። ምሰሶ ላይ ያለውን ሰው አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ባለቤቴ ማጥፊያውን የረሳው ዕለት ማን ሽቦ ይዞ እንደነበር ሳስብ አሁንም ጉልበቴ ይከዳኛል። እግዚአብሔር ጠብቆናል። ከዚህ በኋላ ይህ ልጅ ምን ያህል ቢጠይቀን እንከፍለው ነበር፤ እሱ የጠየቀን ግን 6,000 ብር የእጁን ብቻ ነው። ዕቃውን ባለቤቴን ይዞ ሄዶ አስገዛው፣ ደረሰኙን ከነመልሱ አስረከበን።

የወንድሜንም ነገር ጠየቅሁት። እዚያ ግድግዳው ላይ ለዚሁ የተሠራ ሳጥን ተገጥሞ፣ መብራት ሲጠፋ ቤቱን ከመንገዱ መስመር ራሱ ይቆርጠዋል አለኝ። እኛ ቤት ያ ስለሌለ በእጅ የሚቆርጥ ቼንጅ ኦቨር አስገባልን። ውስጡን የሠራውን ልዘርዝር ብል አልችልበትም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲቆፍርና ሲያስር ነው የዋለው። እኔ የማውቀው ትልቁን እጀታ ነው። ወደ 1 ሲዞር የመንገዱ መብራት፣ ወደ 2 ሲዞር መኪናዋ፣ መሀል 0። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊገናኙ አይችሉም፣ ብረቱ ራሱ አይፈቅድም። ልጄም ታዞረዋለች። ብንረሳም፣ ቢደክመንም፣ ማንም ሰው ላይ አንደርስም።

ደግሞ እውነት ተናጋሪ ነው። ምጣዱንም በመኪናው እንጋግርበታለን ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። «አይሆንም እትዬ፣ ምጣዱ ብቻውን ወደ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል፣ የመኪናዋ ሶኬት 3.3 ነው» አለኝ። ሌሎቹ ሁሉ «ይሆናል፣ ይሆናል» ሲሉኝ ነው የከረሙት። የጫጩቶቹን ክፍል፣ ፍሪጁን፣ የቤቱን አምፖሎችና ሁለት ሶኬት ለየልን፣ ምጣዱንና ምድጃውን በመንገዱ መብራት ብቻ ተዋቸው። ለባለቤቴም፣ ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ድረስ ሽቅቡ ባትሪ ስለሚበላ፣ ማታ ግቢ ስትገባ ከ40 በመቶ በታች እንዳትሆን አደራ አለው። ስትወርድማ ቁልቁለቱ ላይ መልሳ ትንሽ ትሞላለች፤ ባለቤቴ ይህን ሲያወራ እንደ ልጅ ነው የሚደሰተው።

ዋናው ምስጋናዬ ግን ለዚያች ሌሊት ነው።

ኅዳር መጨረሻ 500 የአንድ ቀን ጫጩት ተረከብኩ። በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ባለቤቴ ለቅሶ ሰላ ድንጋይ ሄዶ ነበር፤ መኪናዋን ለእኔ ትቶልኝ በሕዝብ ማመላለሻ ነው የሄደው። ገመዱን ሰካሁ፣ እጀታውን ወደ 2 አዞርኩ። ምንም የለም። ደግሜ አዞርኩ። ጨለማ። ጫጩቶቹ መንጫጫት ጀመሩ፤ ያን ድምፅ ያሳደገ ያውቀዋል፣ የምግብ ጩኸት አይደለም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩለት። አንዴ ጠርቶ አነሳው። መኪናዋ ውስጥ ካለው ስክሪን መብራቱን ልቀቂ ማለት እንዳለብኝ ነገረኝ። ባለቤቴ ነበር ሁልጊዜ የሚያደርገው። ስክሪኑ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ ነው። «የቱን ልንካው?» እያልኩ አለቀስኩ።

«አይንኩት እትዬ፣ መጣሁ» አለኝ። ባጃጅ በዚያ ሰዓት የለም። በእግሩ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በሃያ ደቂቃ ደረሰ። ትንፋሹ እንደ ጭስ ይወጣ ነበር። ስክሪኑን ሁለት ጊዜ ነካ፣ በራ። አራቱ የማሞቂያ አምፖሎች ቀይ ሆኑ።

እሱ ግን አልሄደም። በስልኩ መብራት ወረቀት ላይ ያንን የቻይና ፊደል እያየ ሣለልኝ። ሣጥን ትመስላለች፣ መሀሏን መስመር ሰንጥቋት ወርዶ ከታች እንደ ጭራ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሥሯ «ይህችን ሲያዩ ይንኩ» ብሎ በአማርኛ ጻፈ፣ የመጀመሪያውን ገጽም ሣለ፣ ከዚያ ቁልፉን አጥፍቶ «አሁን እርስዎ ያብሩት» አለኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። አንድም ጊዜ አልተቆጣም፣ ድምፁም አልተለወጠም። ያ ወረቀት ዛሬም በፕላስተር መኪናዋ ውስጥ ተለጥፏል።

ከዚያ ጫጩቶቹ ክፍል በር ላይ ቁጭ አለ። ቡና ላፍላ ብለው እሺ አለ፣ ቆሎም ቀረበለት። ጫጩት ሲሞቀው እንደሚበተን ነግሬው ስለነበር «እስኪበተኑ ልይ» አለኝ። ክምሩ ቀስ እያለ ፈታ፣ እየተለያዩ ሄደው ክንፋቸውን ዘርግተው ተኙ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሄደው። ብር ስሰጠው እጄን መልሶ ያዘው፤ «ሥራውን ስጨርስ ከፍለውኛል» አለኝ። መብራት የመጣው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። የመኪናዋ ባትሪ ማታ 71 በመቶ የነበረው 53 ላይ ነው ያደረው። ከ500 ጫጩት አንድም አልሞተብኝም። አንድም!

እናንተ ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ እባካችሁ ለቤታችሁ አስቡበት። ያቺ ሁለት ስፒና ያላት ገመድ ቤታችሁ ካለች ዛሬውኑ ቁረጧት፣ ነገ አትበሉ። ሥራውንም ለማያውቅ ሰው አትስጡ። ይህን ልጅ ጥሩት። እኔ በተንገላታሁበት ማንም እንዲንገላታ አልፈልግም፣ ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፣ ይህን ልጅ ጥሩት። ለክሊኒክ፣ ለፋርማሲ፣ ለወፍጮ ቤት ምን እንደሚሆንና እንደማይሆን በእውነት ይነግራችኋል፤ የማይሆነውን አይሆንም ይላችኋል።

ልጄ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ እናትህ የወለደችህ ቀን ትባረክ። የገና ዶሮህ ተመርጦ ተለይቶ ተቀምጧል፣ እምቢ እንዳትለኝ። ቅዳሜ ጫጫ እህቴ ቤት ሥራ ይዟል፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን ይገኛል፣ ጻፉልኝ።