ጥልፉ የጠፋበት «ዘ ስካርሌት ሌተር»

ከሽፋኑ ልጀምር ምክንያቱም ያናደደኝ እሱ ነው። የገዛሁት ርካሹን እትም ነው፣ ፊቱ ላይ ነጭ መደብ ላይ አንዲት ደረቅ ቀይ ኤ (A) ብቻ፣ የደም ዓይነት ካርድ ላይ እንዳለችው። አሜሪካዊው ናትናኤል ሆውቶርን በ1850 ባሳተመው «ዘ ስካርሌት ሌተር» (ቀዩ ፊደል ማለት ነው) ልቦለድ ውስጥ ግን ፊደሏ እንዲህ አይደለችም። ሄስተር ፕሪን ህጻኗን ታቅፋ ከቦስተን እስር ቤት ስትወጣ ደረቷ ላይ ያለው ቀይ ጨርቅ ዙሪያውን በወርቅ ክር ተጠልፏል፣ ያውም የቅኝ ግዛቱ የልብስ ደንብ ከሚፈቅደው በላይ አምሮ። ከመውጣቷ በፊት ግንባሯ በጋለ ብረት መተኮስ ነበረበት ሲሉ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዓይናቸው እዛ ጥልፍ ላይ ይቀራል፣ አንዷማ እየተናደደችም ቢሆን መርፌ መያዝስ ታውቅበታለች ትላለች። ፊደሉን የሰጧት ዳኞቹ ናቸው፣ ወርቁን የጨመረችው እሷ ናት፣ ዲዛይነሩ የሷን ነቅሎ የነሱን አስቀረልን። በቃ ያበሸቀኝ ይሄ ነው።

ታሪኩ በ1640ዎቹ ነው፣ ፒዩሪታኖቹ (አሜሪካ የሰፈሩት አጥባቂ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች) ጋ ኃጢአትና ወንጀል አንድ በሆነበት ጊዜ። ሄስተር በዝሙት (በእንግሊዝኛ በኤ የሚጀምር ቃል ነው) ተፈርዶባት ገበያው መሀል ካለው የእንጨት መድረክ ላይ ሦስት ሰዓት ቆማ ትታያለች፣ የልጇን አባት ስም ለመናገር ግን ንቅንቅ አትልም። ተናገሪ ብሎ የሚማጸናት ወጣቱ ሰባኪ ዲምስዴል ራሱ አባትየው ነው (ስፖይለር እንዳትሉኝ፣ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖታል)። እሷ በግልጽ የለበሰችውን እሱ ደብቆት ውስጥ ውስጡን ያልቃል።

ምልክቶቹ ላይ ደራሲው ኃይለኛ ነው። ያቺው የተወገዘች እጅ የገዢውን ኮሌታ ትሰፋለች፣ የህጻናት ልብስ ትሰፋለች፣ የሬሳ ልብስ ሳይቀር ትሰፋለች፣ የሙሽራ ቬሎ ጥለፊልን ያላት ግን አንድም ሰው የለም። ይሄን በአጭሩ ነው ጣል አርጎት የሚያልፈው፣ ካልተጠነቀቃችሁ ያመልጣችኋል። ደግሞ ገዢው ቤሊንግሃም ቤት የሚያብረቀርቅ ጥሩር አለ፣ ደረቱ የተነፋ ስለሆነ እንደ ጠማማ መስታወት ነው፣ ሄስተር ራሷን ስታይበት ፊደሉ ገዝፎ ሁሉንም ሞልቶት እሷ ከኋላው የተደበቀች ነው የምትመስለው። ህዝብ መሀል የተዋረደን ሰው ሌላው እንዴት እንደሚያየው ከዚህ የተሻለ አርጎ ያሳየ አላነበብኩም።

የሌሊቱ ምዕራፍ ደግሞ አለ፣ ዲምስዴል ማንም በማያይበት ጨለማ መድረኩ ላይ ወጥቶ ሰማዩ በተወርዋሪ ኮከብ ሲበራ ትልቅ ቀይ ኤ ይታየዋል፣ የኔ ጉድ ወጣ ብሎ ያስባል፣ ነጋ ሲባል የከተማው ሰው ግን ሌላው ገዢ ዊንትሮፕ ስላረፈ ነው፣ መልአክ ማለት ነው ይላል፣ በእንግሊዝኛ መልአክም በዛችው ፊደል ይጀምራላ! ሄስተር ላይ ያለችውንም ቆየት ብለው «የምትችል» ማለት ነው ብለው ይተረጉሙላታል።

አሁን ቅሬታዬ። መግቢያው ረጅም ነው፣ ደራሲው ሴለም በምትባል የማሳቹሴትስ ወደብ ከተማ ጉምሩክ ሰርቶ በ1849 ተባሯል፣ እና ስለ ስራ ባልደረቦቹ ሲያማ ገጹ አያልቅም። ብዙ ሰው እዛው ነው የሚያቋርጠው፣ ዝለሉትና መጨረሻ ላይ ተመለሱ። ግን ተመለሱ፣ የተጣለ ወረቀት መሀል ፊደሏን አገኘኋት ብሎ (ፈጠራው ነው) ደረቱ ላይ ሲያደርጋት እንደ ጋለ ብረት አቃጥላው መሬት የሚጥላት እዛ ጋ ነው። የቅድመ አያቱ አባት ጆን ሃቶርን በ1692 የሴለም ጠንቋዮች ችሎት ላይ ከተቀመጡት አንዱ መሆኑን ሳውቅ ያቺ ቃጠሎ ሌላ ሆነችብኝ፣ የኔ እትም ግን አንዲት የግርጌ ማስታወሻ የለውም፣ ይሄን ሁሉ ራሴ ነው የፈለግኩት። የሄስተር ባል ቺሊንግዎርዝም ትንሽ የተጋነነ ክፉ ነው፣ ህትመቱ ደቃቅ ነው፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ትንፋሽ ያሳጥራሉ።

ታሪኩ 5 ኮከብ፣ እትሙ 2። ማስታወሻ ያለው ካገኛችሁ እሱን ግዙ። እኔ የኔን በወርቃማ ማርከር ዙሪያውን ጠልፌዋለሁ፣ አሁን ትንሽ ይሻላል።