5-ፍሎሮኢንዶል፦ ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት

5-ፍሎሮኢንዶልን (ኢንዶል በተባለው ባለ ሁለት ቀለበት ሞለኪውል 5ኛ ካርቦን ላይ ፍሎሪን ያለበትን የቤተ ሙከራ ኬሚካል) የሚያዝዝ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የንጽሕና መጠን ነው፤ ለእኔ ግን 98 በመቶ ከሚለው ጽሑፍ ይልቅ የመቅለጫ ነጥቡ ብዙ ነግሮኛል። ንጹሑ ኬሚካል ነጭ ወይም በጥቂቱ ወደ ቢጫ የሚያደላ ጠጣር ሲሆን፣ የሚቀልጠው በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ለቤተ ሙከራችን የመጣው ግን በጉዞ ላይ ሙቀት አግኝቶት ኖሮ ቀልጦ እንደ ሻማ ሰም ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ረግቷል፤ አየር ያገኘው የላይኛው ገጽም ቡናማ ሆኗል። ከሥር ያለው አሁንም ነጭ ስለነበር ሥራ ላይ አውለነዋል፤ ሆኖም እየፋቁ መመዘን አሰልቺ ነው፣ ሻጩም ለማሸጊያው ተጨማሪ ጥንቃቄ ቢያደርግ ይገባ ነበር።

ዕቃው ራሱ ግን ጥሩ ነው። ፍሎሪኑ በ4ኛው፣ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ካርቦን ላይ ቢቀመጥ የሞለኪውሉ ክብደት ያው 135.14 ግራም በሞል ስለሆነ፣ በክብደት ብቻ የሚለይ መሣሪያ አንዱን ከሌላው አይለየውም። በፊሸር ዘዴ (ከፌኒልሃይድራዚን ተነሥቶ የኢንዶልን ቀለበት በሚዘጋው መንገድ) ከተሠራ ግን 5-ፍሎሮኢንዶል አንድ ብልጫ አለው፤ መነሻው 4-ፍሎሮፌኒልሃይድራዚን በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት በመሆኑ ቀለበቱ በየትኛውም በኩል ቢዘጋ ፍሎሪኑ የሚያርፈው 5ኛው ቦታ ላይ ነው፤ 3-ፍሎሮ የሆነው መነሻ ግን የ4 እና የ6 ቅልቅል ሊሰጥ ይችላል።

ሥራ ላይ ሲውል እንደ ተራው ኢንዶል በ3ኛው ካርቦን ላይ በቀላሉ ይተካካል፤ በቪልስማየር ዘዴም (የአልዲሃይድ ቡድን በሚጨምረው ኬሚካዊ መንገድ) ወደ አልዲሃይድ ይለወጣል። ከሁሉም የምወደው አጠቃቀሙ ግን በፕሮቲን ጥናት ያለው ነው፦ ትሪፕቶፋን ሲንቴዝ የተባለው ኢንዛይም ከሴሪን ጋር አጣምሮ 5-ፍሎሮትሪፕቶፋን ስለሚያደርገው፣ ባክቴሪያው የሚሠራው ፕሮቲን በፍሎሪን ኤን.ኤም.አር. (የአተም ኒውክሊየሶችን በማግኔት መስክ ውስጥ በሚመረምረው ዘዴ) የሚታይ ምልክት ይይዛል። በተፈጥሮ የሚገኘው ፍሎሪን በሙሉ ፍሎሪን-19 በመሆኑም ምልክቱ ጠንካራ ነው። ሱኒቲኒብ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ለመሥራት የሚፈልጉ ግን የሚያስፈልጋቸው 5-ፍሎሮኦክሲንዶል ነውና፣ ስማቸው ስለሚቀራረብ ትዕዛዙን ደግመው ይዩት።

ከደኅንነት አንጻር ቆዳን፣ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፤ ሽታውም የሚከብድ ስለሆነ ጓንትና መነጽር አድርጎ ፊውም ሁድ (ትነትን ስቦ የሚያስወጣ የመሥሪያ ሳጥን) ውስጥ መሥራት ግዴታ ነው። በካርቦንና በፍሎሪን መካከል ያለው ትስስር ጠንካራ በመሆኑ በተለመደው አያያዝ ፍሎራይድ ይለቀቃል ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ ከተቃጠለ ግን ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ሊወጣው ስለሚችል ቆሻሻው ሃሎጅን ካለባቸው ጋር ለብቻው ይቀመጥ። በትንሽ መጠን ገዝቶ፣ ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሲፈለግም እርጥበት እንዳይስብ ክዳኑን ከመክፈት በፊት የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ መጠበቅ ይበቃል።